ፈተናውን ያለፈው ራም ለምን ሰርቨሩን ይጥላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ባለው ቢሯችን ሰርቨሩ በሳምንት አንድ ሁለቴ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ፊቱ ላይ ብርቱካናማ መብራት በርቷል። ሜምቴስት በተባለው የራም (የጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ብፈትሸው አንድም ስህተት አልተገኘም። ታዲያ ራሙ ደኅና ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የሰርቨር ራም አብዛኛውን ጊዜ ኢሲሲ የሚባለው፣ ስህተት የሚያርመው ዓይነት ነው፤ እስከ ዲዲአር 4 ባለው የራም ትውልድ ለየ64 ቢቱ 8 የማረጋገጫ ቢት ይይዛል። አንድ ቢት ሲሳሳት ሃርድዌሩ ራሱ አርሞ ስለሚያቀርብ ሜምቴስት የሚያነበው የታረመውን ነው። ሁለት ቢት አንድ ላይ ከተሳሳቱ ግን ማረም አይችልም፤ መበላሸቱን ያውቅና ሥራ ያቆማል። የተሳሳተ ሒሳብ ዲስክ ላይ ከሚጽፍ ቢወድቅ ይሻላል ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው።

ስለዚህ ሎጉን (ሰርቨሩ የሚይዘውን የክስተት መዝገብ) ያንብቡ። ዴል ከሆነ አይድራክ፣ ኤችፒ ከሆነ አይሎ በሚባለው የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ ይገኛል። «ኮሬክተብል» (ሊታረም የሚችል) የሚል ስህተት ከተደጋገመ አጠገቡ የስሎቱ (የራሙ መሰኪያ) ስም፣ እንበል ኤ2፣ ተጽፏል። የሎጉን ቅጂ ያስቀሩና ያጽዱት። ሰርቨሩን አጥፍተው ሁለቱንም የኃይል ገመድ ይንቀሉ፤ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። የሳጥኑን ብረት ከነኩ በኋላ የኤ2ን ራም ዓይነቱና መጠኑ አንድ ከሆነ ሌላ ራም፣ ለምሳሌ ከቢ2 ጋር ያቀያይሩ፤ የስሎቱ ጆሮዎች ቀጭ እስኪሉ ይጫኑ። ራሙን በላጲስ ማሸት የለመደ ብዙ ነው፤ የወርቅ ቅቡን ይልጠዋልና ይቅርብዎ።

ሁለት ሦስት ቀን ያሠሩት። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ቢ2 ላይ ከታየ ራሙን ይቀይሩ። ኤ2 ላይ ከቀረ ጥፋቱ ስሎቱ፣ ማዘርቦርዱ ወይም ፕሮሰሰሩ ሥር የተጣመመ ፒን ነው፤ ያኔ ራም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሎጉ ስለ ራም ምንም ሳይል ሁለቱም ፓወር ሰፕላይ (የሰርቨሩ ኃይል አቅራቢ) በአንድ ደቂቃ ኃይል እንዳጡ ከመዘገበስ? ሁለቱ ገመዶች አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ሁለተኛው ለጌጥ ነው። አንዱን ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወደሚያቆየው)፣ ሌላውን ወደ ሌላ መስመር ያድርጉ፤ ባክአፕ ይዘው ከሥራ ሰዓት ውጭ ተራ በተራ እየነቀሉ ይሞክሩ።

ሙቀቱንም አይናቁ። የደብረ ብርሃን ብርድ መስኮቱን ያዘጋል፤ ክፍሉ ግን ከውስጥ ይግላል። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ፋኑም ያንኑ ያህል ሙቀት አያወጣም። ለምሳሌ እስከ 35 ዲግሪ ይሠራል የሚባል የዴል ሰርቨር ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ስለሚቀነስበት እዚያ ገደቡ 28 ወይም 29 ነው። ቴርሞሜትሩን ከሰርቨሩ ፊት፣ አየር በሚስብበት በኩል ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምሠራው። ሬይድ 5 (ዲስኮች ተጣምረው የሚሠሩበት አሠራር) ላይ ያለ አንድ ዲስክ መብራቱ ተቀይሮ ነበር፤ አውጥቼ ስመልሰው አረንጓዴ ሆነ። ይበቃዋል?

መልስ፦ አይበቃም። መጀመሪያ ባክአፕ ይውሰዱ። ከዚያ የስማርት ቁጥሮቹን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግባቸውን) ይመልከቱ፤ መለያቸው 5፣ 197 እና 198 የሆኑት ከዜሮ በላይ ሆነው እየጨመሩ ከሄዱ ዲስኩ እያለቀ ነው። የሚያድገው መለያው 199 የሆነው ብቻ ከሆነ ኬብሉን ወይም መሰኪያውን ይጠርጥሩ። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ መጥፋት ነው። አዲሱን ዲስክ ሲሞላ የቀሩትን ዲስኮች ዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ በሌላው ላይ የተደበቀ ብልሽት ብቅ የሚለው ያን ጊዜ ነው። ከመንቀልዎ በፊት የዲስኩን የመለያ መብራት ከኮንትሮለሩ (ከሬይዱ መቆጣጠሪያ) ያብሩ፤ ደኅናውን ዲስክ መዞ ሬይዱን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ጥድፊያ ነው።