ምንጭ ጠቅሻለሁ፣ አይበቃም?

ለማንም ክፍት የሆነ የማስተማሪያ ሞጁል የሚያዘጋጁ የወሎ መምህራን ጠየቁ፤ ደሴ የሚኖሩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጋሼ መለሱ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ስካን አድርጌ ሞጁሌ ውስጥ ከትቻለሁ። የደራሲውን ስም ጽፌያለሁ። ችግር አለው?

ጋሼ፦ አለው። ምንጭ መጥቀስ ፈቃድ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል ከታተመ ሥራ በልኩ መውሰድን ይፈቅዳል። ሁለት ምዕራፍ ልክ ነው? ደግሞ አንተ ሞጁሉን «ማንም ያባዛው፣ ይቀይረው» ብለህ ልትለቀው ነው። በሰው ንብረት ላይ እንዲህ ማለት አትችልም። አጭር ጥቅስ ውሰድ፤ ከሥሩም «ይህ ጥቅስ በሞጁሉ ፈቃድ አይሸፈንም» በል።

ከሐይቅ፦ የሐይቁን ፎቶ ከቴሌግራም ብወስድስ?

ጋሼ፦ ቴሌግራም አላነሳውም። ያነሳውን ሰው ፈልገሽ ጠይቂ። ወይ ራስሽ አንሺ፤ ሐይቁ ደጅሽ ነው።

ከባቲ፦ ስለ አራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች እያዘጋጀሁ ነው። ለአምባሰል ማሳያ የታወቀ ዘፈን ላስገባ?

ጋሼ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው! ቅኝቱ የማንም አይደለም። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም። ዘፈኑ ላይ ግን ብዙ ባለመብት አለ። ግጥሙን የጻፈው አለ፣ ዜማውን የደረሰው አለ፤ የእነሱ መብት በሕይወት እስካሉና ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ድምፃዊውና ያስቀረጸውም ተዛማጅ መብት አላቸው። አንዱ እሺ ቢልህ ለሌላው አያገለግልም። ምን አለፋህ? ማሲንቆ የሚችል ተማሪ ጥራ። ቅኝቱን ብቻ ወጣ ወረድ እያለ ይጫወት፣ አንተ በስልክህ ቅዳ። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል፤ ልጅ ከሆነ ወላጁ ይፈርም። ለትምህርቱም ይሻላል፤ ዘፈን ስትከፍትላቸው ልጆቹ ግጥሙን ተከትለው ይሄዳሉ።

ከወልድያ፦ ዛሬ አምባሰል እየተባለ የሚዘፈነው ግማሹ ባቲ ነው።

ከባቲ፦ ኧረ በአላህ! ባቲን ለባቲ ልጅ ልታስተምር ነው?

ከወልድያ፦ ባቲ መወለድ ጆሮ ይሰጣል እንዴ?

ጋሼ፦ አብሽሩ! እሱን ቡና ላይ ጨርሱት። ቀጣይ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ምዕራፎቹን ትቼ ምንጩን በደማቁ ብጽፍስ... ማለቴ ምዕራፎቹ እንዳሉ ሆነው?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ በወርቅ ብትጽፈውም ያው ነው። ምንጭ መጥቀስ ፈቃድ አይደለም።

ከላሊበላ፦ ክሬቲቭ ኮመንስ የሚል ፈቃድ ያለበትን ጽሑፍ ወደ አማርኛ ልተርጉም?

ጋሼ፦ ክሬቲቭ ኮመንስ ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። የትኛው ነው? ፊደሎቹን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? «ኤንዲ» (ND) ካለበት ተርጉመህ ማሰራጨት የለም። «ኤስኤ» (SA) ካለበት ትርጉምህም በዚያው ፈቃድ ይለቀቃል። «ኤንሲ» (NC) ከሆነ ለንግድ አይሆንም። ርዕሱን፣ ባለቤቱን፣ የተገኘበትን አድራሻ፣ ፈቃዱን ከነእትም ቁጥሩ ጻፍ። መተርጎምህንም ተናገር።

ከመካነ ሰላም፦ ለሥነ ዜጋ የአዋጅ አንቀጾች እፈልጋለሁ። ማንን ላስፈቅድ?

ጋሼ፦ ማንንም። የሕግ ጽሑፍ የቅጅ መብት የለበትም። ከነጋሪት ጋዜጣው ገልብጪ። አንቀጹን የሚያብራራው መጽሐፍ ግን ባለቤት አለው።