መልስ፦ ድብርት በደም ምርመራ ይታወቃል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። «ድብርት የሚመጣው ከአንጎል ፕሮቲን ማነስ ነው አሉ፤ ታዲያ በደም ምርመራ አይታወቅም?» ብለሃል። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪው የፖል ግሪንጋርድ ቡድን ፒ11 ስለሚባል ፕሮቲን ጻፈ። የፕሮቲኑ ሥራ ሴሮቶኒን የሚባለውን፣ በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል፣ የሚቀበለውን መቀበያ ወደ ነርቭ ሴሉ ገጽ ማውጣት ነው። መቀበያው ሴሉ ውስጥ ተደብቆ ከቀረ፣ ሴሮቶኒን ቢኖርም የሚሰማው የለም። ድብርት በነበረባቸው ሟቾች አንጎል ውስጥ ፒ11 አንሶ ተገኝቷል። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦችም ድብርት የሚመስል ጠባይ አሳይተዋል።

ቢዲኤንኤፍ የሚባለው ሌላው ፕሮቲንም በታማሚዎች ደም ውስጥ ዝቅ ይላል። ግን በሌላም ሕመም ይወርዳል፤ ስለዚህ ለመለያ አይሆንም። «የድብርት ላብራቶሪ አለን» የሚልህ ካለ ብርህን ያዝ። ሐኪም ዛሬም የሚለየው ስለ ስሜትህ፣ እንቅልፍህና ምግብ ፍላጎትህ ጠይቆ ነው። ድብርቱ ሁለት ሳምንት ከቆየብህ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ሂድ።