ጂኑን አትቀይሪ፣ ሼከሩን አቀዝቅዢ

ሰላም እህቴ። እዚያ ሀዋሳ ኢ. ኮላይ (ፕሮቲን የምናስመርትበት ባክቴሪያ) ውስጥ የምታመርቺው ኢንዛይም ሁሉ ሳይሟሟ ተጣብቆ ከዝቃጩ ጋር እየወረደ ስላስቸገረሽ አዲስ ጂን ላስመጣ ወይ ብለሻል። አታስመጪ። ዶላሩም የግዢ ክፍል ደጅ ጥናቱም ይቅርብሽ። 37 ዲግሪ ላይ 1 ሚሊሞላር አይፒቲጂ (ጂኑን የሚያስነሳው ኬሚካል) ጨምረሽ ካሳደርሽው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፕሮቲኑ የሚመረትበት ፍጥነት ነው።

የፕሮቲኑ ሰንሰለት ከራይቦዞም (ፕሮቲን ከሚሠራው የሴል ማሽን) ሲወጣ ውሃ የሚሸሹት ክፍሎቹ ገና ወደ ውስጥ አልገቡም። ሴሉ ውስጥ ደግሞ በሊትር 300 ግራም ገደማ ፕሮቲንና አርኤንኤ ታጭቋል፤ ያልታጠፈው ካልታጠፈው ጋር ቶሎ ይጣበቃል። ቻፐሮኖች፣ ሌላው ፕሮቲን እንዲታጠፍ የሚረዱት ፕሮቲኖች፣ የተፈጠሩት ለዚሁ ነው። ዲኤንኤኬ የተጋለጠውን ክፍል ይይዛል፤ ግሮኢኤል፣ ባለ 14 ክፍሉ ድርብ ቀለበት፣ እስከ 60 ኪሎዳልተን ገደማ ያለውን ፕሮቲን ውጦ ለብቻው እንዲታጠፍ ያደርገዋል። ግን ቲ7 ፕሮሞተር፣ ጂኑን በኃይል የሚያሠራው ማብሪያ፣ ሲለቀቅ ሥራው ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ምርቱን በብርድ አዘግዪው፦

1. 37 ላይ ኦዲ (የሴሎቹን ብዛት የሚያሳየው የብርሃን ንባብ) 0.6 እስኪሆን አሳድጊ። ፍላስኩን በረዶ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዪው፤ አይፒቲጂውን (0.1 ሚሊሞላር ይበቃል) ከዚያ በኋላ ጨምሪ። 18 ዲግሪ ላይ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ይቆይ። አይፒቲጂ ጨምሮ ከዚያ ማቀዝቀዝ ዋጋ የለውም፤ ገና ሲሞቅ የተጣበቀው በአብዛኛው አይላቀቅም።

2. ሼከሩ (ፍላስኩን የሚንጠው ማሽን)። አብዛኛው ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሼከር 18 ብትሞዪበትም ክፍሉ 26 ከሆነ ከ26 አይወርድም፤ እንዲያውም ሞተሩ ያሞቀዋል። ውሃ የሞላ ፍላስክ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክረሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንብቢ፤ የማሽኑን ቁጥር አትመኚ። ማቀዝቀዣ ያለውን ሼከር የያዘው ሰው «ወረፋ ያዢ» ማለቱ አይቀርም፣ ያዢ። ካልተገኘ 25 ላይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ሞክሪና በጊዜ ሰብስቢ። መብራት ሄዶ ሼከሩ ከቆመ ሴሎቹ አየር ያጥራቸዋል፤ የዚያን ዕለቱን ውጤት ከሌላው ጋር አታወዳድሪ።

3. «ሟሙቷል» ለማለት አትቸኩዪ። የተሰባበረውን ሴል በሴንትሪፊዩጅ በ15,000 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ)፣ 4 ዲግሪ ላይ፣ 30 ደቂቃ አዙሪ። በ3,000 ጂ ብቻ ካዞርሽ ጥቃቅኑ ጥርቅም ላይኛው ፈሳሽ ውስጥ ቀርቶ ጄሉ (ፕሮቲኖቹን በመጠን የሚለየው) ይዋሽሻል። ዝቃጩንም ከላይኛው ፈሳሽ ጋር እኩል በሆነ መጠን ባፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ) በጥብጠሽ ጄሉ ላይ እኩል ጫኚ፤ አለዚያ ማወዳደር አይቻልም። (በነገራችን ላይ፣ በሀዋሳ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ለጄል ናሙና ይበቃል፣ 10 ደቂቃ አቆዪው።)

ኢንዛይምሽ የዳይሰልፋይድ ድልድይ (ሰልፈርን ከሰልፈር የሚያያይዝ ትስስር) ካለው ግን ብርዱ ብቻውን አያድነውም። የኢ. ኮላይ ሳይቶፕላዝም (የሴሉ ውስጥ) ድልድዩ እንዲሠራ አይፈቅድም፤ ወደ ፔሪፕላዝም (በሁለቱ የሴል ሽፋኖች መካከል ወዳለው ቦታ) ላኪው፣ ወይም ድልድዩ ሳይቶፕላዝም ውስጥ እንዲሠራ የሚፈቅደውን፣ ሻፍል የሚባለውን የኢ. ኮላይ ዝርያ ተዋሺ።

ዝቃጩን በዩሪያ ፈትቶ መልሶ ማጠፍ የመጨረሻ አማራጭ ነው። አሜሪካዊው ባዮኬሚስት አንፊንሰን ራይቦኒውክሊየዝን (አርኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም) በ8 ሞላር ዩሪያ ፈትቶ መልሶ እንደታጠፈለት (እ.ኤ.አ. በ1972 ኖቤል የተካፈለበት ሥራ ነው) ሁሉም ፕሮቲን እሺ አይልም። ከሞከርሽ ከ8 ወደ 4፣ 2፣ 1፣ 0 ቀስ እያልሽ በ4 ዲግሪ በዲያሊሲስ (በሽፋን በኩል ባፈሩን በመቀየር) አውርጂው፤ ባፈሩ ውስጥ 0.4 ሞላር አርጂኒን (መጣበቅን የሚቀንስ አሚኖ አሲድ) ይኑር። ዩሪያውን የዕለቱን በጥብጪ፣ ቶሎ ይሟሟ ብለሽም አታሙቂው፤ ሲሞቅ ሲያኔት የሚባል ኬሚካል ያወጣና የፕሮቲኑ ላይሲኖች (አሚኖ አሲዶች) ላይ ይለጠፋል።