የት ላይ? ስንት ሰዓት? የፒያሳ መኪና ማቆሚያ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ በሰፈራችን ስብሰባ አንድ ረቂቅ ተነበበ። በጎንደር ፒያሳና በፋሲል ግንብ ዙሪያ መኪና ስለማቆም ነው። ግማሹ ሰው ሳይሰማ ወጣ። ግማሹ ሰምቶ ተጣላ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሜትርና ጠመኔ ይዤ መንገድ ስለካ ነው የኖርኩት። «ጋሼ ሜትር» የምትሉኝም ለዚሁ ነው፤ አውቃለሁ። እንግዲህ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ይህ ረቂቅ ነው፤ ሕግ አይደለም። ማንም «ተከለከለ» ብሎ እንዳያስወራ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። ባጭሩ ምንድን ነው የሚለው?

ጋሼ ሜትር፦ አራት ነገር ነው። በፒያሳ ዋናው ጎዳና በአንደኛው ጎን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መኪና አይቆምም። በሌላው ጎን ይቆማል፤ ግን ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይም። ጭነት የሚራገፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ባጃጆች ከመታጠፊያ ማዕዘን ተነሥተው የራሳቸው ተራ ይሰጣቸዋል። ደግሞ በግንቡ አጥር ሥር አውቶቡስና ከባድ መኪና እንዳይቆም ይላል። አራት ብዬ አምስት ቆጠርኩ፤ ይቅር በሉኝ።

ባለ ሱቁ፦ እንዲህ ከሆነ በቀጥታ ሱቃችሁን ዝጉ በሉን። መኪና ካልቆመ ደንበኛ ከየት ይመጣል?

ጋሼ ሜትር፦ ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። እስቲ ቁጭ በልና እንነጋገር።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፒያሳ ቆሞ እስከ ምሽት ንቅንቅ የማይለው መኪና የማን ነው? የደንበኛ ነው? አይደለም። የባለ ሱቁ ነው። የቢሮ ሠራተኛው ነው። ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው። ደንበኛውማ ሁለቴ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ወደ ማራኪ ሰፈር ሄዶ ይገዛል።

ሒሳቡን እንሥራው። ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ድረስ 10 ሰዓት ነው። አንድ መኪና 10ሩንም ሰዓት ከያዘው ያ ቦታ አንድ ሰው አስተናገደ። ወሰኑ 1 ሰዓት ከሆነ ቢያንስ 10 ሰው ያስተናግዳል። ሰዉ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቢሄድ 20 ይሆናል። መንገዱ አንዲት ጋት አልሰፋም። ሻይ ቤት ብትከፍት፣ አንድ ሰው ባንድ ብርጭቆ ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ቢይዝብህ ዝም ትለዋለህ? መንገድ ላይ ሲሆን ግን ዝም እንላለን። ወንበሩን የያዝነው እኛው ስለሆንን ነው።

የኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። በዓለም የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ የተተከለው በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ በምትባል ከተማ ነው። ጊዜው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነበር። ምክንያቱን ስሙት። የመሀል ከተማው ሠራተኞች መኪናቸውን ቀኑን ሙሉ እያቆሙ ገበያተኛው ቦታ አጣ። ነገሩን የገፋው የከተማው ንግድ ምክር ቤት ነው። ነጋዴዎቹ ማለት ነው! ለ1 ሰዓት 5 ሳንቲም አስከፈሉ፤ ቦታው መንቀሳቀስ ጀመረ። ያኔ የኛዋ ፒያሳ ገና አልተወለደችም። ጣሊያን ጎንደር የገባው በዓመቱ በ1928 ነው።

ባለ ሱቁ፦ እሺ፣ የኔን መኪና የት ላድርሳት?

ጋሼ ሜትር፦ ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ረቂቁ መልስ የለውም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ወረድ ብሎ የሚያቆምበት ቦታ ሳይዘጋጅ 1 ሰዓት ብሎ መወሰን ሰውን ማባረር ነው። ይህን በጽሑፍ ስጡ። የቦታውን ስም ጥሩ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። «ችግር አለ» የሚል ደብዳቤ ማንም አያነበውም።

ማራኪ ነዋሪ፦ ለሰው ማውረጃ ብቻ ብቆምስ እቀጣለሁ?

ጋሼ ሜትር፦ ሦስት ነገር ለዩ። አንደኛው መቆም ነው፤ ሹፌሩ መሪው ላይ ሆኖ ሰው ያወርዳል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው መጫንና ማራገፍ ነው። ሦስተኛው ማቆም ነው፤ መኪናውን ጥሎ መሄድ ማለት ነው። በምልክት ስትለዩት ሁለቱም የክልከላ ምልክቶች ክብ ናቸው፤ መደባቸው ሰማያዊ፣ ዙሪያቸው ቀይ። አንድ ቀይ ሰረዝ ካለበት ማቆም ክልክል ነው፤ ሰው አውርዶ መሄድ ግን ይቻላል። ሁለት ሰረዝ ተጠላልፎ ካያችሁ ለአፍታ መቆምም አይቻልም። የረቂቁ ክልከላ ባለ አንድ ሰረዙ ነው።

ባለ ሦስት እግር፦ ሁሌ ጥፋቱ ወደ ባጃጅ! ማዕዘን ላይ የምንቆመው ሕዝቡ እዚያ ስለሚጠብቀን ነው። ውስጥ ገብተን ብንቆም ማን ያየናል?

ባለ ሱቁ፦ አንተ ደግሞ በሬ ላይ ዘጭ ብለህ «ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» የምትለው ሰውዬ ትሆን?

ባለ ሦስት እግር፦ በርህ? መንገዱን ከነሱቁ ነው እንዴ የተከራየኸው?

ባለ ሱቁ፦ ግብር የምከፍለው እኔ!

ባለ ሦስት እግር፦ እኔስ በነፃ ነው የምሠራው?

የፒያሳ ልጅ፦ ኧረ በጾም አትጣሉ።

ጋሼ ሜትር፦ በቃ። ባለ ሦስት እግር፣ ጥያቄህ ልክ ነው፤ ግን ማዕዘን ላይ አልደግፍህም። እስቲ ልንገርህ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 8 ሜትር ይፈናጠራል። ማዕዘን ላይ ሦስት ባጃጅ ከተደረደረ፣ ከጎን የሚወጣው ሹፌር የሚመጣውን የሚያየው አፍንጫውን መሀል መንገድ ካስገባ በኋላ ነው። የምትሻገረዋ ተማሪማ ጭራሽ አትታይም። እኔ መንገድ ስለካ መጀመሪያ የምቆመው ማዕዘኑ ላይ ነበር። አጎንብሼ፣ በሕፃን ቁመት ልክ ሆኜ አያለሁ። ሠራተኞቹ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ።

ሕዝቡ እንዲያያችሁ ከፈለጋችሁ ተራው ከማዕዘኑ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ግን በዚያው ጎዳና ላይ ይሁን ብላችሁ ጠይቁ። አንድ የቤት መኪና በሚይዘው ርዝመት ሁለት ባጃጅ ይቆማል። ስለዚህ ብዙ ቦታ አትፈጁም። ይህን ክርክር ይዛችሁ ብትሄዱ ታሸንፋላችሁ። «ተጨቆንን» ብላችሁ ከሄዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

የፋሲል ግቢን ታውቃላችሁ፤ 12 በር ነበረው። ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ ነው። ወንበር በር የዳኞቹ ነው። እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ ተዝካሮ በር የተዝካሩ። ሁሉም በራሱ በር ይገባ ይወጣ ነበር። ፈረሰኛውና ዳኛው ባንድ በር ተጋፍተው ቢሆን ኖሮ ችሎቱ መቼም አይጀመርም። እኛ ግን አይሱዙውን፣ ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ ጋሪውን ሁሉ ባንድ ማዕዘን አፍነን «መንገዱ ጠበበ» እንላለን።

አዘዞ፦ መንገዱ የጠበበው ጣሊያን ስለሠራው ነው። ለመኪና አልታሰበም።

የፒያሳ ልጅ፦ ጣሊያን ባይሠራው ምን ይኖረን ነበር?

አዘዞ፦ ግንቡ! ጣሊያን ከመምጣቱ ከ300 ዓመት በፊት ከተማ ነበርን እኮ።

ታሪክ ወዳድ፦ 292 ነው። ፋሲል ከተማውን የቆረቆረው በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ከ1928 ስትቀንሰው...

የፒያሳ ልጅ፦ 300 ነው የሚመጣው፤ ድጋሚ ቀንስ።

ጋሼ ሜትር፦ ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሄደ። ማዕዘን ላይ የሚያቆመው ግን ጣሊያን አይደለም። ቀጥሉ።

ሰላም የጎንደር፦ ሰው ለማውረድ ብቻ ከሆነ ማቆም ይቻላል ወይ?

ጋሼ ሜትር፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቢ።

ተናዳጁ፦ እኔ ባለፈው ታርጋዬን ፈቱብኝ። 10 ደቂቃ እንኳ አልቆምኩም። ምን ላድርግ?

ጋሼ ሜትር፦ የት ላይ? ስንት ሰዓት? ምልክት ነበረ? ይህን ሳትነግረኝ እኔ ምን ልበልህ? የክስ ወረቀቱን ይዘህ ወደ ሰጡህ ሰዎች ሂድ። እኔ ሜትር ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

እትዬ፦ ልጄ፣ እኔ ጉልበቴ አይችልም። መድኃኒት ቤት ስሄድ ልጄ በር ድረስ ያደርሰኛል። እሱም ሊከለከል ነው?

ጋሼ ሜትር፦ እትዬ፣ እርስዎን ማውረድ አይከለከልም፤ አይሥጉ። ልጅዎ አውርዶዎት ይሂድ፤ ሲጨርሱ ደውለው ይምጣ። ውስጥ ድረስ ደግፎ ማስገባት ካለበት ግን መኪናውን ጥሎ መውጣቱ ነው፤ ረቂቁ ለዚያ የሚሆን ቦታ አልለየም። ለአካል ጉዳተኛና ለአቅመ ደካማ፣ ከመድኃኒት ቤትና ከክሊኒክ አጠገብ አንዳንድ ቦታ ተለይቶ ቀለም ይቀባ ብዬ ጽፌያለሁ። እርስዎም ያስጽፉ። የእርስዎ ደብዳቤ ከኔ ይበልጣል።

ዘመናዊ፦ ለምን እንደ አዲስ አበባ ፎቅ ፓርኪንግ አይሠራም?

ጋሼ ሜትር፦ ገንዘብ ካለህ ሥራው። አዲስ አበባ መገናኛ ላይ ተሠርቷል። ከሥሩ ግን አስፋልት ላይ የሚያቆም አልጠፋም ነበር። መንገዱ ነፃ ሆኖ ፎቁ ካስከፈለ ማን ይወጣል?

ዘመናዊ፦ የኮሪደር ልማቱ ሲያልቅ አይስተካከልም?

ጋሼ ሜትር፦ ኮሪደር የእግረኛ መንገድ ያሰፋል። መኪናህን አያሳጥርም።

ማራኪ ነዋሪ፦ የነዳጅ ሰልፉስ? ማደያው ጋ አንድ መስመር ሙሉ ይዘጋል።

ጋሼ ሜትር፦ እሱ የነዳጅ ጉዳይ ነው። ነዳጅ ሲኖር ሰልፉ ይጠፋል። እዚህ አታምጣው።

አውራጁ፦ ጋሼ፣ እኛ ጫኝና አውራጅ ነን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ስንት ሱቅ ይከፈታል? ባለቤቱ 3 ሰዓት ነው የሚመጣው። ጭነቱን ለማን እናስረክብ?

ጋሼ ሜትር፦ ይኸ ነው ጥያቄ! ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ማዳበሪያ ተሸክሞ አያውቅም ማለት ነው። የጭነት ሰዓት የሚወሰነው መንገዱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት በማየት ብቻ አይደለም። ተቀባዩም መኖር አለበት። በኔ ግምት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ተኩል አንድ የማራገፊያ ቦታ በየመንደሩ ቢከፈት ይሻላል። ያኔ የቢሮው ሰው ገብቷል፤ የምሳው ግርግር አልጀመረም። ደግሞ አይሱዙው የቱቦ ክዳን ላይ እንዳይወጣ። ክዳኑ ይሰበራል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ሱቅ ይገባል፤ ከዚያ «መንግሥት የት አለ» ይባላል። በየዓመቱ አይቼዋለሁ።

አዲስ ሹፌር፦ ከርዕሱ ብወጣም፣ ቁልቁለት ላይ ሳቆም እፈራለሁ። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ነው።

ጋሼ ሜትር፦ አልወጣህም። አፍንጫህ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የፊት ጎማህን ወደ ጠርዙ ድንጋይ አዙር፤ የኋላ ማርሽ አስገባ። ወደ ዳገት ከሆነ ጎማህን ከጠርዙ ገልብጥ፤ አንደኛ ማርሽ። መኪናው ቢንሸራተት ጠርዙ ይይዘዋል። የእጅ ፍሬን ብቻ አትመን። ጠርዝ ድንጋይ ከሌለ ደግሞ የትም ትሁን ጎማህን ወደ ዳር አዙር።

ታሪክ ወዳድ፦ ግንቡ ሥር አውቶቡስ ለምን ይከለከላል? ቱሪስት የሚያወርደው እዚያ አይደል?

ጋሼ ሜትር፦ ያውርድ፤ ይሂድ። ሞተሩን ሳያጠፋ ሁለት ሰዓት አይቁም ነው የተባለው። አጥሩ 900 ሜትር ነው፤ በድንጋይና በኖራ የተሠራ። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የናፍጣ ጭስና የከባድ መኪና ንዝረት ለሱ አይበጀውም። ደግሞም ፈረንጁ ፎቶ ሲያነሣ የሚወጣለት የአውቶቡስ ጀርባ ነው። ጃንተከል ዋርካ ሥር ቁሙና እዩት።

ሰላም የጎንደር፦ ለጥምቀትስ ይሠራል?

ጋሼ ሜትር፦ ጥር 10 እና 11 መንገዱ የታቦቱ ነው። ያን ቀን ረቂቅም ሕግም አይጠየቅም፤ መኪናሽን ቤት ተዪ።

እንግዳ፦ ጋሼ፣ ሰው ለማውረድ ለ2 ደቂቃ...

ጋሼ ሜትር፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው! አንድ ሰረዝ፣ ይቻላል። ሁለት ሰረዝ፣ አይቻልም። አራተኛ የሚጠይቀኝ ቡና ይጋብዘኛል።

አዘዞ፦ በአጠቃላይ የትራፊክ ችግሩ መቼ ነው የሚፈታው?

ጋሼ ሜትር፦ ዝለሉኝ።

የፖስታ ቤቱ ጎረቤት፦ ጋሼ፣ ፖስታ ቤቱ ጎን ያለው መታጠፊያ። ጠዋት ከ1፡45 እስከ 2፡20። በቀኝ በኩል ሁለት ሚኒባስና አንድ ፒክአፕ ይቆማል። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩት በነሱ መሀል ነው። ሦስት ቀን ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ረቂቁ ከ2 ሰዓት ስለሚጀምር የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ አይሸፍነውም።

ጋሼ ሜትር፦ ተባረክ! ዛሬ ስለፈልፍ የዋልኩት ለዚህ ነበር። ረቂቁን አምስት ጊዜ አንብቤ ያችን 15 ደቂቃ አላየኋትም። ነገ 1 ተኩል ላይ እዚያው እንገናኝ። ሜትሩን እኔ አመጣለሁ፤ አንተ ጠመኔ ያዝ። ከማዕዘኑ እስከ ፒክአፑ ያለውን ለክተን ባንድ ገጽ እንጽፈዋለን።

ባለ ሦስት እግር፦ እኔ ላድርስህ ጋሼ?

ጋሼ ሜትር፦ ማዕዘን ላይ ካላወረድከኝ።