«ሥራ ለቅቄ ሱባኤ ልግባ ወይ?» ላለችኝ የድሬ ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዙ ወጣት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ስምሽን ሳላነሳ እዚሁ ልመልስልሽ።

ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሽ፣ ቀፊራ አካባቢ ባለ ጅምላ መደብር ካሸር ሆነሽ መሥራት ከጀመርሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብተሽ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ትወጫለሽ። እሑድም ግማሽ ቀን አለ። ሳቢያን ቤትሽ ስትደርሺ ቴሌግራም ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ፍለጋ፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ከዚያ ጸሎት። «ዳዊቴን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ጠዋት ገጹን ተጨማዶ አገኘዋለሁ» ብለሻል። ጓደኛሽ እምነትሽ ስለቀዘቀዘ ነው አለችሽ፣ አንቺም አመንሻት። አሁን ሥራውን ጥለሽ ሱባኤ መግባት አስበሻል።

ሱባኤውን አልከለክልሽም፣ እሱ ከንስሐ አባትሽ ጋር የምትጨርሺው ነው። ሥራውን ግን አሁን አትልቀቂ። እምነቷ የቀዘቀዘ ሰው ዳዊት ታቅፋ አትተኛም። ደክሞሻል፣ በቃ።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ቀርሜሎስ ላይ ጸልዮ እሳት ከሰማይ የወረደለት ሰው ነው። ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ግን ሸሸ፣ ብላቴናውን ቤርሳቤህ ላይ ተወው፣ ብቻውን አንድ ቀን ሙሉ በረሃውን ሄዶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» አለ። ሞቱን ለመነ እኮ! አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ አለልሽ፣ ዛሬ አንብቢው። ሁሌ የሚገርመኝ የተሰጠው መልስ ነው። አልተገሠጸም። ምነው እምነትህ ጎደለ አልተባለም። ተኛ፣ መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፣ ራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ አሁንም አበላው። ስለ ቀጣዩ ሥራው የተነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በዚያ ምግብ ብርታት 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ። እንጀራውም እንቅልፉም የጸሎቱ መልስ ነበሩ። አንቺ ግን እንቅልፍሽን እንደ ኃጢአት እየቆጠርሽ ነው።

ምሳሽ «ሻይ በቦምቦሊኖ» እንደሆነ ጽፈሻል። አቦ፣ በድሬ ሙቀት፣ ያውም በግንቦት! ሥራ ከመግባትሽ በፊት ፉል ብይ፣ ውኃ ያዢ። ጾም ሲሆን ሰዓቱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፣ የሠራተኛን አቅም ያያሉ። ጸሎትሽን ደግሞ ወደ ንጋት አዙሪው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከተማው ቀዝቀዝ ብሎ፣ አንቺም ተኝተሽ ተነስተሽ፣ አንድ መዝሙር በደንብ ብታነቢ ይሻልሻል። ማመልከቻ በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃል። በቂ እንቅልፍና ምግብ አግኝተሽም ድካሙ አልለቅ ካለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ታዪ፣ ደም ማነስም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሱባኤው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል። በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት የማረፍ መብት አለሽ። አንድ ዓመት ለሠራ ሰው ደግሞ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ ያውም ከነክፍያው። አንቺ አንድም ቀን ወስደሽ አታውቂም! ሱባኤ ስንት ቀን ነው? ሰባት። ሰው ሁሉ ሱባኤ የሚይዝበት ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ካሁኑ ጠይቂ። ወይም የሐምሌውን ቁልቢ ገብርኤል፣ ሐምሌ 19ን አስቢ፣ ቅርብሽ ነው። አሠሪሽን በሥራ ግርግር መሐል አትያዢው፣ ሒሳብ ከዘጋችሁ በኋላ ረጋ ብለሽ «ጋሼ፣ የዓመት ፈቃዴን ነሐሴ ላይ ብወስድ፣ እስከዚያ የሚተካኝን ልጅ ራሴ አለማምዳለሁ» በይው። እንዲህ ሆኖ የመጣን ሠራተኛ እምቢ ማለት ይከብዳል። የእሑዱንም አብረሽ አንሺ። ቅዳሴ የምትሄጂበት ቀን ነው።

ሲቪሽ ላይ «ካሸር» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ይሄ አሳዝኖኛል። በየቀኑ ሽያጩን ከደረሰኝ ጋር ታስታርቂያለሽ፣ ባንክ ታስገቢያለሽ፣ የወሩን ተጨማሪ እሴት ታክስ ሪፖርት ታዘጋጃለሽ፣ የዕቃ ቆጠራ ሲኖር ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ የምትመዘግቢው አንቺ ነሽ። ይሄ የአካውንቲንግ ሥራ ነው፣ እንዳለ ጻፊው። ከአሠሪሽም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ፣ ሥራ ሳትለቂም ስትጠይቂ በነፃ ሊሰጥሽ ሕጉ ያስገድደዋል። ብዙ ማስታወቂያ የሥራ ግብር የተከፈለበት ልምድ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ግብርሽ በስምሽ መከፈሉን አረጋግጪ። ዛሬ ብትለቂ እኮ ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ ልትወጪ ነው።

ደግሞ ያመለከትሽው ለባንክ ብቻ ነው። የምትኖሪው ድሬ ነው! ደረቅ ወደብ አለ፣ የጅቡቲ ባቡር አለ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው በ2014 ተመርቋል። የሰው ዕቃ በጉምሩክ የሚያስጨርሱት ትራንዚት ቢሮዎች ኢንቮይስና ታክስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ቅጽ አሞላል ከለመድሽ ነገ የጉምሩክ አስተላላፊ ለመሆንም በር ይከፈትልሻል። በአካል ሄደሽ ጠይቂ፣ እዚህ ከተማ ብዙው ሥራ ቴሌግራም ላይ አይወጣም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ካቆምሽ ስድስት ወር አልፎሻል፣ ከተመረቁ ጓደኞችሽም በሙያሽ ሥራ ስላላገኘሽ አፍረሽ ርቀሻል። ኤልያስም ብላቴናውን ትቶ ነው ብቻውን በረሃ የገባው። «እኔ ብቻ ቀረሁ» ሲል 7 ሺህ ሰው እንዳለ ተነገረው፣ ኤልሳዕም አብሮት ተሰለፈ። ከጓደኞችሽ አንዷን ጥሪያት፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እየጠጣችሁ ማመልከቻውን አብራችሁ ሥሩት።

ሰኞ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ጠይቂ። እንዳገኘሽ ከአዲሱ ሲቪሽ ጋር ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።