ከመሙያው ዘንግ እስከ ሰከንድ ቆጣሪው፦ የጠያቂዎቻችን ገጽ

ጥያቄ፦ የሮሌክስ ሳብማሪነር መልክ ይማርከኛል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። መለዋወጫ ገዝቶ መሰሉን ቤት ውስጥ መገጣጠም ይቻላል ሲባል ሰማሁ። ምን ልግዛ? የሚበላሸውስ የቱ ጋ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል። ማሽኑን ግን ይገዙታል እንጂ አይሠሩትም። ለጀማሪ የጃፓኑን ሴይኮ ማሽን ኤንኤች35ን እንመክራለን፤ በክንድ እንቅስቃሴም በእጅም ይሞላል፣ አንዴ ከሞላ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በእሱ ልክ የተሠራ ቀፎ፣ ፊትና ቆጣሪ እንደ ልብ ይገኛል። ፊቱ 28.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቆጣሪዎቹ ቀዳዳ የሰዓቱ 1.5፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ሳያዩ አይክፈሉ። መሙያው ወደ 4 ዝቅ ላለ ቀፎ የተሠራ ፊት፣ መሙያው 3 ላይ ላለው ቀፎ አይሆንም። ከፊቱ ጀርባ ወጥተው ማሽኑ ላይ የሚሰኩት እግሮቹ ሌላ ቦታ ስለሆኑ ፊቱ ጠሞ ይቀመጣል።

የሮሌክስ ስምና ዘውድ የታተመበትን ፊት ይተዉት። መልኩን መውደድ ሌላ፣ የሰው የንግድ ምልክት መለጠፍ ሌላ ነው፤ ጉምሩክም ሊወርሰው ይችላል። ምንም ያልተጻፈበት ፊት ያምራል፣ የራስዎን ስም ማሳተምም ይችላሉ።

ፊቱን ከጫኑ በኋላ መሙያውን እስከ መጨረሻው ስበው ቀኑ እስኪለወጥ ያዙሩ። እንደተለወጠ አቁመው ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪውን ሁለቱንም 12 ላይ ይጫኑ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑ ከሰዓት በኋላ ሲለወጥ ያያል። ሰከንድ ቆጣሪው ትዕግሥት ይፈትናል፤ በማጉያ መነጽር እያዩ ቀጥ አድርገው ካልጫኑት የፀጉር ያህሏ ዘንግ ትጎብጣለች። ከዚያ 12 ሰዓት ሙሉ አዙረው በጎን ይመልከቱ። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ቆጣሪዎቹ ይነካካሉ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመሙያው ዘንግ ላይ ነው። ሆን ተብሎ ረዝሞ ይመጣል። ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር እየቆረጡ፣ ጫፉን በሞረድ እያለሰለሱ፣ በየጊዜው ቀፎው ውስጥ ይለኩት። ከረዘመ መሙያው ከቀፎው ጋር አይገጥምም፤ ካጠረ ዘንጉ ማሽኑ ውስጥ ሳይጠልቅ መሙያው ቀፎው ላይ ይቀረቀራል። ያጠረን ዘንግ ማስረዘም የለም፤ ርካሽ ነውና ሁለት ይግዙ። ሲቆርጡም በጨርቅ ይሸፍኑት፣ ቁራጩ ወደ ዓይን ይፈናጠራል።

ጥያቄ፦ ቀፎው ላይ «300 ሜትር» ይላል። ልዋኝበት? (ከዱባይ)

መልስ፦ ጽሑፉ ማስረጃ አይሆንም። ውሃ የሚከለክሉትን ጎሚኒዎች በስሱ ሲሊኮን ቅባት ቀብተው ይግጠሙ፣ የግፊት መፈተሻ ያለው ሰዓት ሠሪ እስኪያየው ድረስ ግን እጅ ከመታጠብ አይለፉ።

ጥያቄ፦ በኤንኤች35 የገጣጠምኩት ሰዓት በቀን 35 ሰከንድ ይቀድማል። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ፋብሪካው ለዚህ ማሽን የፈቀደው በቀን 20 ሰከንድ እስከ መዘግየት፣ 40 ሰከንድ እስከ መቅደም ነው። በድንገት በደቂቃዎች መቅደም ከጀመረ ግን ማግኔት ይጠርጥሩ፤ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንና የሙዚቃ ስፒከር ዋና ተጠያቂዎች ናቸው። ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያ በቅጽበት ይፈውሰዋል። ማሽኑ ላይ ያለችውን የፍጥነት ማስተካከያ ዘንግ የሚነኩ ከሆነ ከፀጉር ውፍረት አይለፉ፣ ከጎኗ ያለችውን ሁለተኛዋን አይንኩ፣ ስስ የሆነውን ጥምዝ ሽቦ ደግሞ በወረንጦ ጫፍ እንኳ አይቅረቡት።

ጥያቄ፦ ሰዓቱንም ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር መሙላት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይችላሉ። ማሽኑ ቀን የሚለውጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ ከሁለቱ 12ዎች የጠዋቱን ይምረጡለት። አዲሱ ቀን በእኛ ልማድ ጎሕ ሲቀድ ይገባል፣ ማታ ከተለወጠ ግን ቁጥሩ ግማሽ ቀን ይስታል። ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቀኑን በመሙያው አይቀይሩ፤ ጥርሶቹ ስለተያያዙ ይሰበራሉ። መጀመሪያ ሰዓት ቆጣሪውን 6 ላይ ያውርዱ።

ቀለበቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር 30 ባለ ማግስት ሁሉ አንዴ ማሳለፍ ግድ ነው። የጳጉሜን 5 ማግስት ደግሞ 6 ያሳይዎታል፤ መስከረም 1ን ለማግኘት 26 ጊዜ ያሳልፋሉ። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን 25 ይበቃል።