ከማስመሪያው በፊት ቦታው ላይ ዋሉ

ለወጣት አርክቴክቶችና የሕንፃ መሐንዲሶች፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤት ስነድፍና ሳሠራ ኖሬ፣ ዛሬም ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር የሠራሁት አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ባለቤቱ ሳሎናቸው ተቀምጠው የወጨጫን ተራራ ማየት ፈለጉ፤ እኔም ገና ወጣት ነበርኩና ያለ ምንም ማመንታት አራት ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በስተምዕራብ ዘረጋሁላቸው። ለምረቃው የመጣ እንግዳ ሁሉ አደነቀው። ከሁለት ዓመት በኋላ በየካቲት ወር፣ ከሰዓት በኋላ ጎራ ብል መስታወቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ጋቢ ተሰቅሎበታል፤ ሳሎኑም ባዶ ነው። የባለቤቱ እናት በጓሮ በኩል፣ በግድግዳው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። «እማማ፣ ምነው እዚህ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እዚያማ ምጣድ ነው» አሉኝ።

ያንን ቦታ ከመንደፌ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ረፋድ ላይ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፣ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ቦታው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ዋሉ የሚል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር አናታችን ላይ ትቆማለች። በታኅሣሥ ወር ግን በስተደቡብ ታዘነብላለች፤ በቀትር ከአድማስ ያላት ከፍታ 58 ዲግሪ ያህል ነው። ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት በዚያ ወር በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ያለ አንዳች ወጪ ቤቱን ያሞቃል፤ ሙቀት ሲበዛ ደግሞ መጠነኛ የጣራ ክፈፍ ይከልለዋል። የምዕራቧን ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ የትኛውም ክፈፍ አይመልሳትም፤ የሚመልሳት ጥልቅ በረንዳ፣ ዛፍ ወይም ድፍን ግድግዳ ነው። የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ የምንለው ለዚህ ነው። ነፋሱንም ከጎረቤት ጭስ ታውቃላችሁ፤ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠዋትና ማታ ተመልከቱ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ መኝታ ቤት አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት ክፍት ቦታ ስጡት። በአንድ መስኮት ብቻ የሚተነፍስ ክፍል በክረምት ሻጋታ ያበቅላል፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሳንባ ነቀርሳ ቢይዘው ደግሞ የታፈነው አየር በሽታውን ለሌላው ያደርሳል።

ይህ ሁሉ ለደጋው ነው። የአዲስ አበባን ፕላን ሰመራ ወይም ጋምቤላ ወስዶ መትከል ሰውን መቅጣት ነው፤ ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው ጥቂቶች አይደሉም። ሐረር ጀጎል ገብታችሁ በአንዱ ጌ ጋር (ባህላዊ የሐረሪ ቤት) ውስጥ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ላይ አረፍ በሉ፤ ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሐሩር እንዴት ውጭ እንደሚያስቀር በጀርባችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ቤት ስንሠራ ወደ አየር ወደምንለቀው ካርቦን ልምጣ። እኛ የተማርንባቸው መጻሕፍት የተጻፉት በረዶ ለሚወርድበት አገር ነበር። እዚያ ቤት አካባቢን የሚበክለው በየክረምቱ ለማሞቂያ በሚያነደው ነዳጅ ስለሆነ፣ መጻሕፍቱ አብዝተው የሚሰብኩት ግድግዳን በሙቀት መከላከያ ስለመሸፈን ነው። በደጋው የአገራችን ክፍል ቤቱን የሚያሞቅ ማሽን የለንም፤ ኤሌክትሪካችንም ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ነው። ስለዚህ የእኛ ቤት ዋናውን ብክለት የሚያደርሰው ገና ሰው ሳይገባበት፣ በሲሚንቶው፣ በፌሮውና በመስታወቱ በኩል ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥሎ ሲሆን፣ አየር የሚበክለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከሚነደው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩም ይወጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ኪሎ ኦፒሲ (ተራው) ሲሚንቶ 0.8 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞብን ይመጣል።

እስቲ አንድ ሂሳብ አብረን እንሥራ። በእኛ አገር የተለመደው ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይበላል። መቶ ካሬ ሜትር ሶሌታ (የፎቅ ወለል የሚሆን ኮንክሪት) 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በቂው ሆኖ ሳለ «ለመተማመኛ» ተብሎ 20 ቢሞላ፣ ትርፉ አምስት ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው፤ ይህም 18 ኩንታል ሲሚንቶ፣ በኦፒሲ ሲሰላም አንድ ቶን ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጋዝ ማለት ነው። ክብደቱ ሲጨምር ደግሞ ቢሙም (አግዳሚው)፣ ኮለኑም (ምሰሶው)፣ መሠረቱም ይወፍራሉ። የምሰሶዎችን ርቀት ማጥበብና በትክክል ማስላት ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል፤ ደንበኛውም ገንዘብ ስለሚተርፍለት ደስ ብሎት ይቀበላችኋል። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ የሚባለውን ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ተፈጭቶ ስለሚጨመርበት የተቃጠለው ኖራ ያንሳል። ጥንካሬ የሚያገኘው ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ ውኃ ማጠጣቱን በሦስተኛው ቀን እንዳታቋርጡ፤ ፎርማኑ ሁልጊዜ ማቋረጥ ይፈልጋል።

ስለ አፈር ስናገር ብዙ ወጣቶች ፈገግ ይላሉ፤ ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ሆኖ ይታያቸዋል። ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ከዙሪክ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። የታችኛው ግድግዳ ተጠቅጥቆ የቆመ አፈር ሲሆን፣ ፎቁን የተሸከመው በስስ የአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት እንጂ ፌሮ የጠገበ ሶሌታ አይደለም። ሆኖም አፈር ሁሉ አፈር አይደለም። ጥቁሩ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለግድግዳ የሚሆነው ቀዩ ነው። ግርጌውን ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር በድንጋይ ከፍ አድርጉት፤ የጣራውን ክፈፍም አስረዝሙት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ አትለስኑ። ይህን ስሕተት በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ይዞት በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ዛፍ ልጥ እየተገሸለጠ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ጭቃም በጣት የሚጫር ሆኖ ነበር። ለጭቃ የሚስማማው የኖራ ልስን ነው፤ የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ድንጋይ እስከ ዛሬ እንደተያያዘ የቆየው በኖራ ነው።

የቤቱ ጤና የሚወሰነው ግን ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በፕላናችን ላይ በመጨረሻ የምንስለው እሱን መሆኑ ነው። ለሥዕል የሚያምር ጠባብ ኪችን እንስላለን፤ እንጀራ የት እንደሚጋገር፣ በርበሬ የት እንደሚታመስ፣ ለበዓል በጉ የት እንደሚታረድ ግን አንጠይቅም። ከዚያ የቤቱ እመቤት የቆርቆሮ ጎጆ ከአጥሩ ጋር አስደግፋ ትቀጥልና ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ስትውጥ ትኖራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ከመነሻው የራሱ መስመር ይዘርጋለት፤ ከበላዩ ወደ ጣራ የሚወጣ ሰፊ የእንፋሎት መውጫ ይኑረው። መብራት ሲጠፋ እንጨት ወይም ከሰል መነደዱ ስለማይቀር፣ የጭስ መውጫ ያለው የምድጃ ቦታ በጥላ በኩል አዘጋጁ። ቡና በሚፈላበት ክፍል ደግሞ ከኮርኒሱ ሥር የማይዘጋ የአየር መውጫ ተዉ፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በብርድ ሌሊት በራቸውን ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ቀብር ሄጃለሁ።

ያንን የወጨጫውን ቤት ባለቤቱ ፈቅደውልኝ አስተካክዬዋለሁ። መስታወቱ ተነሣ፤ ክፍቱ በግንብ ተደፈነ፤ ከፊቱም ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው በረንዳ ወጣ። ግንበኛው ሥራውን ሊጀምር ሲል እናትየው መጥተው «ተራራዬንስ ጨርሰህ እንዳትወስድብኝ» አሉኝ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች መስኮት ተውኩላቸው፤ ከፍታዋንም እሳቸውን በርጩማቸው ላይ አስቀምጬ በዓይናቸው ልክ ለካሁት።